የጡጦ ሕፃን ሆዱ ሲደርቅ መጀመሪያ ማንኪያዋን እዩ

ከአሜሪካ የመጣች አክስት ሻንጣዋን ስትከፍት ከጫማውና ከሽቶው መሃል ሁለት ትልልቅ የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ይወጣል። ቤተሰቡ ይመርቃታል፤ እዚህ የአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ሕፃኑ እስከዚያ ቀን ከሰፈሩ ፋርማሲ የሚገዛ ሌላ ወተት ነበር የሚጠጣው። ሞግዚቷም ልኩን በቃሏ ይዛዋለች፦ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ፣ ለ120 አራት። አዲሱ ቆርቆሮ ሲከፈት መመሪያውን ያነበበ የለም፤ አራት ማንኪያ ለ120 ይቀጥላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሕፃኑ ሰገራ የፍየል በጠጥ ይመስላል። ቤቱ ውስጥ መድኃኒት ፍለጋ ይጀመራል።

መድኃኒቱ ግን ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የተለመዱ የዱቄት ወተቶች ማንኪያ ለ2 አውንስ፣ ማለትም ለ60 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ የተሠራ ነው። በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ከሚሸጡት የብዙዎቹ ለ30 ነው። ሁለቱ ማንኪያዎች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ በስተቀር ልዩነታቸው ለዓይን ላይታይ ይችላል። በትልቁ ማንኪያ የትንሹን ልክ የሰፈረ ሰው ሁለት እጥፍ የወፈረ ወተት ሰጥቷል ማለት ነው። ጉዳቱም በሆድ ድርቀት አያበቃም፤ ጨውና ፕሮቲኑ ከጨቅላ ኩላሊት አቅም በላይ ይሆንና ሕፃኑን ውሃ ያሳጣዋል፣ ይህ ደግሞ ሆስፒታል ያደርሰዋል። የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ፤ በትንሹ ማንኪያ ለ60 የሰፈረች እናት ልጇን በቀጭን ወተት ታስርበዋለች።

እንግዲህ ድርቀት የምንለውን እንለይ። ብዙ ሰው ቀን ይቆጥራል፤ «ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው» ይላል። መታየት ያለበት ግን ዳይፐሩ ላይ ያለው ነገር ነው። የጡጦ ወተት የሚጠጣ ሕፃን አንዱ በቀን አንድ ሁለቴ፣ ሌላው በየሁለት ቀኑ ሊወጣለት ይችላል። የወጣው እንደ ገንፎ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ፣ ቢጫም ይሁን ቡናማ ወይም አረንጓዴ፣ ድርቀት አይደለም። ድርቀት የሚባለው ሰገራው ጠጥሮ፣ ደርቆ፣ እንደ በጠጥ ተቆራርጦ ወይም ትልቅና ጠንካራ ሆኖ በሕመም ሲወጣ ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩት፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከስድስት ሳምንት ዕድሜው በኋላ ሳምንት ሙሉ ሳይወጣለት ቆይቶ ለስላሳ ሊወጣለት ይችላል።

ሌላም እናቶችን በከንቱ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ሕፃኑ ያምጣል፣ ፊቱ በርበሬ ይመስላል፣ እግሩን ሰብስቦ አሥርና ከዚያ በላይ ደቂቃ ያለቅሳል። ከዚያ የሚወጣው ሲታይ ለስላሳ ነው። ይህ ድርቀት ሳይሆን ትምህርት ነው። ለመውጣት ሆድ ወደ ታች መግፋት፣ ከታች ያለው ጡንቻ ደግሞ በዚያው ቅጽበት መላላት አለበት። ጨቅላው ሁለቱን ገና አላስማማም፤ እየገፋ በሩን ይዘጋል። ለዚያውም በጀርባው ተኝቶ ነው፤ እስቲ ለአዋቂ ሰው ጀርባህ ላይ ተኝተህ ሞክር በሉት! በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለምደዋል። ቴርሞሜትር ጫፍ ወይም ጥጥ በፊንጢጣው እየከተቱ «መርዳት» ግን ልምምዱን ያዘገየዋል፤ ካልተነካ አልወጣም የሚል ልጅ ይሆናል።

የጡጦ ወተት ሰገራን ለምን ጠንከር ያደርጋል? ሳሙና ከቅባትና ከአመድ ውሃ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በብዙ የዱቄት ወተቶች ውስጥ ያለው የዘንባባ ዘይት በሕፃኑ አንጀት ሲፈጭ ከውስጡ የሚለቀቀው አንድ የቅባት አሲድ ወተቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ የተጣበቁትም የማይሟሟ ሳሙና ይሆናሉ። ሰገራውን የሚያጠጥረው ይህ ሳሙና ነው። የእናት ጡት ውስጥም ይኸው የቅባት አሲድ አለ፤ ግን የተሰካበት ቦታ ስለሚለይ አብዛኛው እንደዚያ አይለቀቅም። በዚያ ላይ በጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ የማይፈጫቸው ስኳሮች ይገኛሉ፤ እነሱ ወደ ታች ወርደው ውሃ ይስባሉ፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይመግባሉ። ስለዚህ ጡት ገና ካልደረቀ፣ በቀን የሚጨመር አንድ ሁለት ጊዜ ጡት ከሁሉ የተሻለ ማለስለሻ ነው። የደረቀባትን እናት ግን በዚህ ነገር መውቀስ ለሕፃኑም ለእሷም የሚፈይደው የለም።

ወደ ማንኪያዋ እንመለስ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። ገበያ ላይ ጤፍ ስትሰፍር ቁልል አድርጋ ምርቃት የምትጨምር ነጋዴ ደግ ናት። ጡጦ ውስጥ ግን ምርቃት የለም። ማንኪያው ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ ተሞልቶ አናቱ በቢላ ጀርባ ወይም በቆርቆሮው ጠርዝ ይስተካከል። መጀመሪያ ውሃው ይለካ፣ ከዚያ ዱቄቱ ይጨመር። ዱቄቱ ቀድሞ ገብቶ ውሃው 120 መስመር ላይ እስኪደርስ ቢሞላ፣ ዱቄቱ የያዘው ቦታ ከውሃው ላይ ይቀነሳልና ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ውሃ ይጎድላል፤ በቀን ስድስት ጡጦ ለሚጠጣ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ውሃው የሚለካው ደግሞ ከፈላ በኋላ ነው፤ ተለክቶ ቢፈላ በእንፋሎት ይቀንሳል።

ስለ መፍላቱም አንድ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት የዱቄት ወተት ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ይበጥበጥ ይላል። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ያም በቂ ነው። ውሃው ከፈላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ ይበጥበጥና ጡጦው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለብ እስኪል ይጠበቅ፤ አንድ ጠብታ በእጅ አንጓ ላይ ሞክሩ። ተበጥብጦ ሁለት ሰዓት ውጭ የቆየ ይደፋ። ዋጋው ያሳዝናል፣ አውቃለሁ።

ማንኪያዋ ያለችው ብዙ ጊዜ በእናት እጅ ላይሆን ይችላል። ሠራተኛ እናት ከወሊድ በኋላ በሕግ ያላት ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። እሱ ሲያልቅ ጡጦው ወደ ሞግዚት ወይም ወደ አያት ይተላለፋል፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፣ ፈረንሳይኛ ነው፣ ከጂዳ ከመጣም ዐረብኛ። በቃል ነግሮ መሄድ አይበቃም። አብራችሁ አንድ ጊዜ በጥብጡ፤ ልኩን በአማርኛ ጽፋችሁ ቆርቆሮው ላይ ለጥፉ፤ አዲስ ቆርቆሮ ሲገባ የድሮው ማንኪያ ይጣል።

ልኩ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሌላ ምን እየተሰጠው ነው የሚለው ነው። «ጠገብ ብሎ ይተኛ» ተብሎ ጡጦው ላይ የተጨመረ አጥሚት፣ አጃ ወይም የሩዝ ዱቄት ሰገራ ያጠጥራል፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ምግብ አይሰጠውም። የላም ወተትም፣ በውሃ ቢቀጥንም፣ ዓመት ሳይሞላው የጡጦ ወተትን አይተካም፤ ሆድ ያደርቃል፣ ደም ማነስም ያመጣል። ሌላው ደግሞ በቂ ወተት ያላገኘ ልጅ ነው። ያልገባ አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ 5 ኪሎ የሚመዝነው 750 ማለት ነው። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ካራሰና ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ ወተቱ በቅቶታል።

እቤት የሚደረገው ጥቂት ነው፣ ግን ይሠራል። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው በቀስታ አዟዙሩ። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስባችሁ ትንሽ ያዙት፤ ቁጢጥ እንዳለ ይሆንለታል። በሞቀ እጅ በእምብርቱ ዙሪያ በሰዓት አቅጣጫ እሹት፤ ትልቁ አንጀት የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው። ጡጦ እንደጠጣ ወዲያው ግን አይሁን፣ ያስመልሰዋል። ለብ ባለ ውሃ ገላውን ማጠብም ጡንቻውን ያላላል።

ውሃ ስለመስጠት ሐኪሞች አንድ ቃል የላቸውም። የአሜሪካኖቹ ከስድስት ወር በፊት ባዶ ውሃ አይወዱም፤ ብዙ ውሃ የሕፃኑን ደም ጨው አቅጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳልና። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ደግሞ የጡጦ ልጅ ሲደርቅበት በጡጦዎች መካከል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት መስጠትን ይፈቅዳል። ሁለቱም የሚስማሙበት ወተቱ ራሱ ከልኩ በላይ በውሃ እንዳይቀጥን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ለሆነው ልጅ የፖም ወይም የፒር ጭማቂ ይታዘዛል፤ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር በ30 ሚሊ ሊትር ሂሳብ በቀን፣ ከ120 ሳያልፍ፣ ሰገራው እስኪለሰልስ ብቻ። የማይፈጭ ስኳሩ ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ ነው። ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አድርጉት፤ ስኳር ያልተጨመረበት፣ ታሽጎ የተሸጠ ይሁን። ጭማቂ ቤት የሚፈጨው፣ ባልፈላ ውሃ የቀጠነው፣ ለጨቅላ አይሆንም።

አሁን ወደ አያቶች የቤት መድኃኒት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻን ያዝላል፣ ትንፋሽንም ያቆማል። የሚገርመው የዚያ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ራሱ ድርቀት ነው። ቅቤና ዘይት በአፉ ማንጠባጠብም ትንታ ያመጣል፤ ቅባቱ ወደ ሳንባ ከወረደ የማይለቅ የሳንባ ሕመም ይሆናል። የጉሎ ዘይት አንጀትን ይገርፋል። የአብሽና የተልባ ውሃ የወተቱን ቦታ ይይዛል እንጂ ለጨቅላ አይበጅም። ቀጭን ሳሙና ቀርጸው በፊንጢጣ የሚከቱም አሉ፤ የሚያስወጣው ስስ ቆዳውን አቃጥሎና አስቆጥቶ ነው፣ ቁስሉ ደግሞ ልጁን መውጣትን ያስፈራዋል። አያቶችን በዚህ መንቀፍ አይገባም፤ ያደረጉት በእጃቸው ባለው ነው። ዛሬ ግን የተሻለ አለ።

ፋርማሲ ውስጥም ቢሆን በራሳችሁ አትግዙ። በፊንጢጣ የሚገባው የግሊሰሪን ሻማ አልፎ አልፎ፣ ላክቱሎስ የሚባለው ሽሮፕ ደግሞ በልኩ፣ ሐኪም ሲያዝ ይሰጣል። «አይረኑ ነው ያደረቀው» ተብሎ አይረን የሌለውን ወተት መፈለግ ስህተት ነው፤ በጡጦ ወተት ውስጥ ያለው አይረን ድርቀት እንደማያመጣ ተጠንቷል፣ አለመኖሩ ግን ደም ያሳንሳል። ወተት በየሦስት ቀኑ መቀያየርም ሕፃኑን ያምሰዋል። መለወጥ የሚያስፈልገው ለላም ወተት አለርጂ ሲጠረጠር ነው፤ ድርቀቱ ከቆዳ ሽፍታ፣ ከማስመለስ ወይም ከሰገራ ደም ጋር ከመጣ ይህ ይታሰባል።

ቤት የማይቆይበት ጊዜም አለ። አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ መጥባት ካቃተው፣ ለቅሶው ከደከመ ወይም ዐይኑን መግለጥ ከከበደው፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በጠጥ የመሰለ ሰገራ ካወጣም ሐኪም ይየው። ከተወለደ በመጀመሪያው ቀን ወይም ቢበዛ በሁለተኛው፣ ጥቁሩና ሙጫ መሳዩ ሰገራ ወጥቶለት እንደሆነ አስታውሱ። ካልወጣለት፣ በ1886 ዴንማርካዊው ሐኪም ሂርሽስፕሩንግ የገለጸው፣ የአንጀቱ ጫፍ ነርቭ ሳይኖረው የሚወለድበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የሚድነው በቀዶ ሕክምና ነው። ቢጫነቱ ለሳምንታት ያልለቀቀው፣ ምላሱ የገዘፈ፣ ድምፁ የጎረነነና ብዙ የሚተኛ ልጅ ደግሞ የእንቅርት ዕጢው በደንብ ላይሠራ ይችላል። አሜሪካና እስራኤል በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ይህ ገና በተወለዱ በቀናት ውስጥ ከተረከዛቸው በሚወሰድ ደም ይመረመራል፤ እኛ አገር ግን ሁሉም ሕፃን ይህን ምርመራ አያገኝም። ቶሎ ከተደረሰበት ርካሽ ክኒን አእምሮውን ይታደግለታል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የመጨረሻውን ዳይፐር በፌስታል ቋጥራችሁ፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ቆርቆሮውንም ከነማንኪያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጡጦውን የምትበጠብጠው ሌላ ሰው ከሆነች እሷም አብራ ትምጣ።