ቆጥሮ የሚቀርጽ

«ጂ1 ኤክስ50 ዋይ20 ኤፍ600»። ለእንግዳ ዓይን የተበታተነ ፊደልና ቁጥር ነው፤ በኮምፒውተር ለሚታዘዝ መቅረጫ፣ ለሲኤንሲ ማሽን ግን የተሟላ ትእዛዝ ነው። «በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ፍጥነት፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ኤክስ 50 ዋይ 20 ወዳለው ነጥብ ሂድ» ማለት ነው። ቋንቋው ጂ-ኮድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተበሳ የወረቀት ጥቅልል የሚታዘዝ የመጀመሪያው መቅረጫ ማሽን ለሕዝብ ሲታይ የተጀመረው መንገድ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ እስከሚቀመጥ ማሽን ደርሷል። በትእዛዙና እንጨቱ ላይ በሚቀረው መስመር መካከል ያለውን ሥራ የሚሠራው መቆጣጠሪያው ነው። ሥራውም በአንድ ቃል ሲጠቃለል መቁጠር ነው።

ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው በሚገጣጥሟቸው ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ስቴፐር ሞተር ነው። ይህ ሞተር የሚሄደው እየረገጠ ነው። የኤሌክትሪክ ምት በደረሰው ቁጥር 1.8 ዲግሪ ዞሮ ይቆማል፤ 200 ምት አንድ ሙሉ ዙር ያስዞረዋል። በመቆጣጠሪያውና በሞተሩ መካከል የሚቀመጠው ድራይቨር ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ለምሳሌ ለ16 ይከፍለዋል። ያን ጊዜ አንድ ዙር 3,200 ምት ይፈልጋል። ሞተሩ የሚያዞረው ጥርሳም ዘንግ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር 400 ምት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ትእዛዛችን እንመለስ። ማሽኑ ከዜሮ ከተነሣ የኤክስ ሞተር 20,000፣ የዋይ ሞተር ደግሞ 8,000 ምት ያስፈልጋቸዋል። ኤክስ ድርሻውን ጨርሶ ዋይ ቢቀጥል የሚወጣው ሰያፍ መስመር ሳይሆን የማዕዘን ቅርጽ ነው። ስለዚህ ኤክስ አምስት ሲረግጥ ዋይ ሁለት እየረገጠ፣ እኩል ተነሥተው እኩል መድረስ አለባቸው። ለዚህ የሚያገለግለውን ስሌት ጃክ ብሬዘንሃም እ.ኤ.አ. በ1962 አይቢኤም ውስጥ ሳለ ያወጣው ሥዕል ለሚሥል ማሽን ነበር። ማካፈል የሌለበት፣ በሙሉ ቁጥሮች መደመርና መቀነስ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ ለደካማ ፕሮሰሰር እንኳ አይከብድም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የጀመረው ግርብል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህንኑ ስሌት ይዞ አርዱይኖ በተባለ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ተቀመጠ። የዚያ ሰሌዳ ፕሮሰሰር ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ፣ የሥራ ማኅደረ ትውስታው 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ሙሉውን የሥራ ፋይል መያዝ ስለማይችል ኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ መስመር በመስመር ያጎርሰዋል። ያም ሆኖ በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ያወጣል፤ በእኛ ዘንግ ሲሰላ በደቂቃ 4,500 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው።

ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ጊዜው ካልሠመረ ዋጋ የለውም። ሞተር ከቆመበት በአንድ ጊዜ ሙሉ ፍጥነት ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ግርብል ለዚህ ሲል ከፊቱ የሚመጡ ከአሥር በላይ መስመሮችን አስቀድሞ ያያል። ጥግ ካለ ሳይደርስ ያቀዘቅዛል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ፍጥነቱን ይዞ ያልፋል።

ለምን ኮምፒውተሩ ራሱ አይቆጥርም? ይቆጥራል፤ ግን ተራ ኮምፒውተር ሐሳቡ የተከፋፈለ ነው። ስክሪን ያድሳል፣ ማውስ ይከታተላል፣ በዚህ መካከል ምቱ ሊዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ከሠራው ሶፍትዌር የተወለደው ሊነክስሲኤንሲ፣ ለምት የሚሆነውን ጊዜ ከሁሉ የሚያስቀድም ልዩ ከርነል (የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት) ይጠቀማል። ተጠቃሚውም አስቀድሞ የኮምፒውተሩን መዘግየት በሙከራ ይለካል፤ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ ካለፈ ያ ኮምፒውተር ለብቻው ምት ለመስጠት አይመችም። ያን ጊዜ መፍትሔው ቆጠራውን ለተለየ ካርድ መስጠት ነው።

የግርብልም የሊነክስሲኤንሲም ድካም አንድ ነው። በተለመደው የስቴፐር አገጣጠም ማሽኑ ዓይን የለውም። የት እንዳለ የሚያውቀው ስንት ምት እንደላከ በመቁጠር ብቻ ነው። መቁረጫው ጠንካራ አንጓ ነክሶ ሞተሩ 64 ምት ቢያመልጠው፣ መቆጣጠሪያው ሳያውቅ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በ0.16 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ሲበራም ቦታውን ስለማያውቅ ጫፍ ላይ ያለውን ሊሚት ስዊች እስኪነካ በዝግታ ተጉዞ ቆጠራውን ከዚያ ይጀምራል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍም የሞተሮቹን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ቢደናገር ማን ያቆመዋል?

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አዲስ ማሽን ሲገጥም መጀመሪያ መቁረጫ አያስርም። እስክሪብቶ አስሮ ወረቀት ላይ 100 ሚሊ ሜትር ካሬ ያስሥላል። በካሊፐር ሲለካው 98 ከሆነ፣ የ1 ሚሊ ሜትሩን 400 ምት በ100 አባዝቶ ለ98 ያካፍልና 408.16 ብሎ ይመዘግባል። ቀጥሎ ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ አሯሩጦ «ወደ ዜሮ ተመለስ» ይለዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስክሪብቶው ያረፈው መጀመሪያ በተነሣባት ነጥብ ላይ ነው ወይስ ከጎኗ?