የፎም አይሮፕላንና የሚዛን ትምህርት

ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937፣ ሰው ሳይሳፈርበት ከምድር በራዲዮ የሚታዘዝ አይሮፕላን ሠርተው አበረሩ። ያን ጊዜ ብርቅ የነበረው ጥበብ ዛሬ ዕቃ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም፣ ከትንሽ ሞተርና ከባትሪ በተማሪ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ነገር ግን ፎም መቁረጥ ብቻውን አያበርርም፤ ዋናው ቁም ነገር ሚዛኑ ነው። ክንፉ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ከፊተኛው ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ወደ ኋላ ለክቶ፣ በዚያ ላይ ከግራና ከቀኝ በጣት ደግፎ ማንሣት ነው። አፍንጫው በጥቂቱ ቢያዘነብል ደኅና፤ ጭራው ከከበደ ግን ገና ሲነሣ ሽቅብ ተሰቅሎ ይወድቃል፤ የሳምንት ድካምም በቅጽበት ይሰባበራል። መድኀኒቱ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው።

በክፍል በቃል ያጠናነውን የስበት ማዕከል በጣታችን የምንዳስሰው እዚህ ላይ ነውና፣ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሠራተኛ ቢሞክረው ከጨዋታነቱ ትምህርትነቱ ይበልጣል።