እጮኛህን የት ታሳድራታለህ?

ፍቅር ሲጀመር ወጪው ቀላል ነው። ማኪያቶ፣ የእግር መንገድ፣ የስልክ ካርድ፣ በቃ። ወጪው የሚመጣው ፍቅረኛ ክፍለ ሀገር ስትሆንና አንድ ቀን ደውላ «ቅዳሜና እሁድን እዚያው መጥቼ ልይህ» ስትል ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ ተሯሩጦ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «አልጋ ስንት ነው?» የሚል። «የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ስለ «የት» ነው። ምክንያቱም በዚህች ከተማ ቅዳሜን የሚበላት የክፍሉ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ነው።

ወደዚህ ርእስ ያመጣኝ የሰፈሬ የጦር ኃይሎች ልጅ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ዕድሜው 27 ነው፤ ሥራ አለው፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ስላልቻለ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል። እጮኛው ጅማ ነች። ታናሽ እህቷን አስከትላ አርብ ልትገባ፣ ቅዳሜ ከተማውን ልታይ፣ እሁድ እናትና አባቱ ቤት ምሳ ልትበላ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ልትመለስ ተቀጣጠሩ። ሦስት ሌሊት መሆኑ ነው። ምሳው ደግሞ ተራ ምሳ እንዳይመስላችሁ። ወይ ሽማግሌ የሚላክበት፣ ወይ ነገሩ ተሸፋፍኖ የሚቀርበት ምሳ ነው።

ልጁ ምክር ጠየቀ፤ እንደተለመደው መካሪ አልጠፋም። ጓደኞቹ «ከጅማ ድረስ መጥታ ቦሌ ሳታድር ልትመለስ ነው? ኧረ አታዋርደን!» አሉት። ሰሚት የሚኖሩት አክስቱ «ምን ብር ታባክናለህ፣ እኔ ጋ ይደሩ» አሉት። እሱ ራሱ ደግሞ ከቤታቸው መቶ እርምጃ በማትርቅ ፔንሲዮን ሊያሳርፋቸው አስቦ ነበር። ሦስቱንም አንድ በአንድ እንያቸው።

ቦሌ ስም ነው ወይስ ቦታ?

ቦሌ ክፉ ሰፈር አይደለም። በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው፣ ማታ ሙዚቃ ቤት መዞር ለሚወድ ሰው ቦታው እሱ ነው። ነገር ግን የጅማ አውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከተማ የሚገባው በሰበታና በአየር ጤና በኩል ነው። እኛ ሰፈር ሲደርስ ቦሌ ገና በከተማው ሌላኛው ጉንጭ ላይ ነች። እስቲ እንቁጠር። አርብ ደክሟት ስትገባ አንድ፣ እሁድ ለምሳ ስትመጣ ሁለት፣ ስትመለስ ሦስት፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ አራት። አራት ጊዜ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። ራይድ ከተጠራ ኪስ ይራቆታል፤ ሚኒባስ ከተያዘ ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ወርዶ መሳፈር ይመጣል። ለስም ሲባል የተያዘ አልጋ እንዲህ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ!

የከተማችንን ታሪክ ላየ ሰው ሆቴሎች ድሮም የሚከተሉት በሩን ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩት የከተማው ገበያ በነበረበት በአራዳ ነው። የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ለገሃር የእንግዳ መግቢያ ሆነ፤ በኋላም ራስ ሆቴል ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ተሠራ። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ያሉት አልጋ ቤቶች ደንበኛቸው ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ ነው። ቦሌም የሆቴል ሰፈር የሆነችው አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ በመሆኑ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. እስክትከፈት ድረስ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፤ ከእኛ ሰፈር በታች ያለው መንደር እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ሰፈር ታዋቂ ነው?» ሳይሆን «የእኔ እንግዳ በየትኛው በር ትገባለች?» ነው መሆን ያለበት።

አክስት ቤትስ?

አክስትየው ያሰቡት በደግነት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ይሁን እንጂ ሰሚት ከጦር ኃይሎች ያላት ርቀት ከቦሌም ይብሳል። ከርቀቱ ይልቅ ግን እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ገና ለወላጆቹ ያልቀረበች ልጅ አክስቱ ቤት ሦስት ቀን ስታድር ፈተናው የሚጀመረው እሁድ ሳይሆን አርብ ማታ ነው። እንዴት እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳች፣ ስልክ ስንቴ እንዳወራች ሁሉ ተጠናቅሮ ከምሳው በፊት እናቲቱ ጆሮ ይደርሳል። የዘመድ ቤት ነፃ ነው ይባላል እንጂ ዋጋው በሌላ መንገድ ይከፈላል።

ከቤቱ አጠገብ ያለችው ፔንሲዮን

ይህቺኛዋ በመንገድ ረገድ ተወዳዳሪ የላትም። ርካሽ ነች፤ እሁድ ምሳ በእግር ይኬዳል፤ ሰኞ ጠዋት የጅማ መንገድ ደጅ ላይ ነው። ሰፈራችንም ቢሆን እንግዳ የማያውቅ ሰፈር አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ አጠገባችን ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው።

ታዲያ ምን ጎደላት? ዓይን! ሰፈር ውስጥ ባለሱቁ ያውቅሃል፣ ሊስትሮው ያውቅሃል፣ የእናትህ የዕድር ጓደኛ ያውቁሃል። ቅዳሜ ጠዋት ከፔንሲዮን በር ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ስትወጣ ያየ ሰው እህቷ አብራት ማደሯን አይጠይቅም። ልጅቷ እናቱ ፊት ከመቅረቧ በፊት ወሬዋ ይቀርባል። ይህ ትክክል ነው አላልኩም። ሐሜት ትክክል ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን የሐሜቱን ዕዳ የምትከፍለው እሷ እንጂ እሱ አይደለም።

ሌላም አለ። ቀለበት መንገድ ዳር ያለ ማደሪያ በዓይን ሲታይ ቅርብ ይመስላል። መንገዱ መሃሉ የታጠረ ስለሆነ ግን ወዲያ ማዶ ለመሻገር የእግረኛ ድልድይ ፍለጋ ሩቅ መኬድ አለ። «ከታክሲው ፊት ለፊት ነው» የተባለ ሆቴል የትኛው ፊት ለፊት እንደሆነ በእግር ሄዶ ማየት ነው።

እሷ ምን አለች?

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ምክር ሲዘንብ ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም! «እስቲ ደውልና ራሷን ጠይቃት» አልኩት፤ ደወለ። መልሷን ሲነግረኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለቀ ነበር። «ክፍሉ ያምር አያምር ግድ የለኝም። ብቻ እህቴን ይዤ በጨለማ ታክሲ የምፈልግበት፣ አንተ ካልመጣህ ደግሞ መውጣት የማልችልበት ቦታ እንዳይሆን።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም። ጥሩ ቦታ ማለት እንግዳዋ ያለ አንተ ወጥታ፣ ያለ አንተ ተመልሳ መግባት የምትችልበት ቦታ ነው። ብትጣሉ እንኳ! ሰው በሰው ከተማ፣ ማንንም በማያውቅበት መንደር ሲቀመጥ የሚወስደውን ሰው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ እሺ ማለት የማይፈልገውን ሁሉ እሺ ይላል። እህቶቼ፣ ይህን ነገር በደንብ አስቡበት። አልጋውን የሚከፍለው እሱ ቢሆንም ቦታውን የመምረጥ መብት የእናንተም ነው።

የባቡሩ መስመር

በመጨረሻ የተስማማንበት በሜክሲኮና በልደታ መካከል ያለውን አካባቢ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር የምዕራቡ ጫፍ ጦር ኃይሎች ነው። ከዚያ ኮካ ኮላ፣ ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም እያለ እስከ አያት ይዘልቃል። ስለዚህ ሜክሲኮ ያረፈ ሰው ከእኛ ሰፈር የሚለየው አራት ፌርማታ ብቻ ነው። ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት ቁጥራቸው ስላነሰ ሰልፍና ግፊያ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም የሜክሲኮና የጦር ኃይሎች ሚኒባስ በዚያው መስመር ስለሚሠራ አንዱ ሲቀር ሌላው አለ። አንድ ቦታ በሁለት ዓይነት ትራንስፖርት የሚደረስበት ከሆነ ያ ቦታ ጥሩ ነው።

ቅዳሜንም አስቡት። ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ፣ ከዚያም መስቀል አደባባይ በእግር የሚደረስ ነው። ፒያሳ ወጥቶ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለማየት፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ድንቅነሽን ለመጎብኘትም መሃል ከተማ ያረፈ ሰው ሩቅ አይሆንበትም። የድሮ ሰዎች «ፒያሳ ርካሽ አልጋ ሞልቷል» ቢሏችሁ ግን ሳታረጋግጡ አትሂዱ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል።

እንግዲህ ልጆቹ መጡ፤ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ለእህትማማቾቹ ተያዘ። እሱ የሚጠብቃቸው ታች ካፌው ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እሱ ሥራ ቦታው ተጠርቶ ሲዘገይባቸው፣ ራሳቸው ለገሃር ድረስ በእግር ዞረው ተመለሱ። እሁድ ምሳው አልቆ ቡና ሲጠጣ እናቱ የጠየቋት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ልጄ፣ የት ነው ያረፋችሁት?» የሚል ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከእህቷ ጋር መሆኑን ስትነግራቸው «አበጃችሁ» አሉ። እዚያ ቤት «አበጃችሁ» ቀላል ቃል አይደለም።

አልጋ ከመያዝህ በፊት

ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ የማስበውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ወረቀት አውጥተህ መግቢያውን፣ ዋናውን ጉዳይና መውጫውን ጻፍ። ሆቴሉ ለሦስቱም ቅርብ መሆን ባይችል እንኳ በጠዋት ለሚነሱበትና በማታ ለሚመለሱበት ቅርብ ይሁን። ቀን ቀን መንገድ ሁሉ ይገኛል፤ ሰው የሚቸገረው በጠዋትና በማታ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታውን በምሳ ሰዓት ሳይሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሄደህ እይ። ታክሲ ከሚቆምበት እስከ በሩ መብራት አለ? ሱቅ ክፍት ነው? ከክፍሉ ሥር ጭፈራ ቤት አለ? አርብ ማታ የሚጀምር ሙዚቃ ቅዳሜ ጠዋትን ይወስዳል።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሃና መብራት ሳታፍር ጠይቅ። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ? ቧንቧውን ራስህ ከፍተህ እይ።

አራተኛ፣ ሒሳቡ ላይ ተጠንቀቅ። «ፕላስ ፕላስ» የሚሉህ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። 2,000 ብር የተባለ ክፍል ሲደመር 2,530 ብር ይሆናል። ለሦስት ሌሊት ልዩነቱ 1,590 ብር ነው። ዋጋው ሁሉንም ያካተተ መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ። ቦታውን ሳታይም ለማታውቀው ደላላ በስልክ ቀብድ አትላክ።

አምስተኛ፣ የቀን መቁጠሪያ ተመልከት። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት ሲሰበሰቡ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት መንገድ ይዘጋል። በኅዳር የታላቁ ሩጫ ዕለት፣ በመስከረም የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ዙሪያ መኪና አይገባም። በእነዚህ ቀናት ጥሩ የነበረው ቦታ መጥፎ ይሆናል።

ስድስተኛ፣ የጠዋቱን መኪና በማታ ተነጋገር። ለአውቶቡስ ገና ሳይነጋ የሚወጣ ሰው ኮንትራት ታክሲውን ዋጋ ቆርጦ ከነስልክ ቁጥሩ ይዞ ማደር አለበት። ለሚወጡት እንግዶችም መታወቂያቸውን ከክፍሉ እንዳይረሱ አስታውሳቸው።

ብር የቆጠብን መስሎን ርቀን የምንይዘው አልጋ ብዙ ጊዜ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ ያደርገናል። ከክፍሉ የተረፈውን መቶ ብር ራይዱ አምስት እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል። ከሁሉም በላይ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያስታውሰው የአልጋ ልብሱን አይደለም። ሲመሽ እንዴት እንደገባና ሲነጋ እንዴት እንደወጣ ነው።

መልካም ቅዳሜና እሁድ። ሳምንት በቸር ያገናኘን።