የቀይ ባሕር ዛፍ እባጭ፦ ዛፏን ተከትላ የመጣችው ተርብ

የባሕር ዛፍ ማሳ ተቆርጦ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ፣ ወይም በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጋውን ተሻግሮ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ ባለቤቱ ቀረብ ብሎ ካስተዋለ ያልጠበቀውን ነገር ሊያይ ይችላል። በቅጠሉ መካከል በሚያልፈው ጅማት፣ ቅጠሉን ከቅርንጫፉ በሚያገናኘው ዘንግና ገና ባልጠነከረው ቀንበጥ ላይ ትናንሽ እባጮች ተደርድረው ይታያሉ። ቅጠሉ ይጠማዘዛል፤ ቀንበጡ ይጎብጣል፤ ወደ ላይ መመዘዝ የነበረበት ችግኝ እንደ ቁጥቋጦ ተኮማትሮ ይቀራል። ነገሩ ውርጭ ወይም ድርቅ ያመጣው ሊመስል ይችላል። እባጩን በጥፍሩ ሰንጥቆ ለሚመለከት ሰው ግን በውስጡ እግር የሌላት ነጭ፣ እጅግ ትንሽ እጭ ትገኛለች።

ይህች እጭ የአንዲት ተርብ ልጅ ናት። ተርቧ በሳይንሳዊ መጠሪያዋ ሌፕቶሳይቢ ኢንቬሳ ትባላለች፤ ርዝመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለሟም ጥቁር ቡናማ ሆኖ በብርሃን ሲታይ ሰማያዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ሰው አትነድፍም፤ ከብትም አትነካም። የምትጎዳው ባሕር ዛፍን ብቻ ነው። ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባሕር ዛፍ ለአርሶ አደሩ በቁሙ ያለ ቁጠባ ነው፤ አጣናው ተሸጦ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ልጅ ይማራል፣ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ይለወጣል። የከተማው ነዋሪም የቤቱን ማገርና ወራጅ፣ የሕንፃ መወጣጫውን እንጨት፣ የምጣዱን ማገዶ የሚያገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው።

እባጩን የሚሠራው ዛፉ ራሱ መሆኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ተርቧ በለጋው የተክል አካል ውስጥ እንቁላሏን ስታኖር፣ ኋላም እጯ ተፈልፍላ መመገብ ስትጀምር፣ በዚያ ቦታ ያለው የተክሉ ሥጋ ከሥርዓቱ ወጥቶ ያድጋል። ያበጠው ክፍል ለእጯ ቤትም ምግብም ይሆናታል። ዛፉ ወደ ግንድና ወደ ቅጠል ሊልከው የሚገባውን ጉልበት የጠላቱን ልጅ ለማሳደግ ያውለዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ኑሮ ያላቸው ተርቦች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ለዘመናት በስፋት የተጠኑት በኦክ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ናቸው። ኦክ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚበቅል ጠንካራ እንጨት ያለው ዛፍ ሲሆን በአገራችን የተፈጥሮ ደን ውስጥ የለም። በላዩ የሚኖሩት እባጭ ሠሪ ተርቦች ወደ 1000 የሚጠጉ ዝርያዎች እንደሆኑ ይገመታል። ከአንዳንዶቹ እባጭ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጽሕፈት ቀለም ሲያዘጋጁ ኖረዋል። እነዚህ ተርቦች ከባሕር ዛፏ ተርብ ጋር ቤተሰባቸው አንድ አይደለም፤ ዛፍ በመምረጥ ረገድ ግን ጠባያቸው ይመሳሰላል። የትኛዋም ተርብ ያገኘችው ዛፍ ላይ ሁሉ አታርፍም። የምትኖርበትን አገር የሚወስንላትም የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን የምትመርጠው ዛፍ መኖርና አለመኖር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የምትሆነው አንድሪከስ ኩዌርከስካሊሲስ የተባለችው የኦክ ተርብ ናት። ይህች ተርብ የዓመት ኑሮዋን ለመፈጸም ሁለት ዓይነት ኦክ ያስፈልጋታል። የጸደዩ ትውልድ በቱርክ ኦክ አበባ ላይ ያድጋል፤ ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ በእንግሊዝ ኦክ ፍሬ ላይ አድጎ ፍሬውን የተጨማደደ እባጭ ያደርገዋል። አንዱ ዛፍ ከጎደለ የትውልዱ ሰንሰለት ይቋረጣል። የእንግሊዝ ኦክ በብሪታንያ ጥንትም ነበረ፤ የቱርክ ኦክ ግን እ.ኤ.አ. በ1735 ከውጭ የገባ ዛፍ ነው። በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ ሰዎች የቱርክ ኦክን በየመናፈሻው እየተከሉ ሳያውቁት ለተርቧ መንገድ ጠረጉላት፤ እርሷም ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ተነሥታ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብሪታንያ ደረሰች። ዛፉ ቀድሞ ሄደ፤ ተርቧ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ዘግይታ ተከተለች።

የባሕር ዛፍ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 አካባቢ ነው። የመጣውም በአገሩ ቅጠሉን ከሚበሉትና ቀንበጡን ከሚያሳብጡት ነፍሳት ከአብዛኞቹ ተለይቶ ነው። በባዕድ ምድር እንዲያ ያማረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ከጠላቶቹ አንዷ ደረሰችበት።

ተርቧ መጀመሪያ የታወቀችው በትውልድ አገሯ አለመሆኑም የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእስራኤል በቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ያልታወቀ እባጭ ታየ። ሊቃውንት ነፍሳቷን መርምረው አዲስ ስም የሰጧት በ2004 ነው፤ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሳትሆን እንደማትቀር ቢገምቱም በዚያ አገር ተፈልጋ በኩዊንስላንድ ግዛት የተገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። በአገሯ የተፈጥሮ ጠላቶቿ ስለሚያጠቋት ቁጥሯ አነስተኛ ነው፤ ማንም ልብ ሳይላት የኖረችውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከእስራኤል በኋላ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ተመዘገበች። በ2002 በኬንያና በኡጋንዳ፣ በ2007 በደቡብ አፍሪካ፣ በ2008 በብራዚል ታየች። ወደ ኢትዮጵያም ገብታ በቀይ ባሕር ዛፍ ላይ ተገኝታለች።

ጉልምስ ሆና የምትኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ የሆነች፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ነፍሳት በራሷ ክንፍ ባሕር አትሻገርም። ነፋስ የተወሰነ ርቀት ሊወስዳት ይችላል፤ ሩቅ አገር የሚያደርሳት ግን በእባጭ ውስጥ የተቀመጠ ልጇን ይዞ የሚጓዝ ችግኝ ወይም እርጥብ ቅርንጫፍ ነው። በዚያ ላይ በአብዛኛው ቦታ የምትገኘው ሴቷ ብቻ ናት፤ ያለ ወንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከእንቁላሏም ሴቶች ይወጣሉ። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በሰውነቷ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ አንድ አዲስ ወረዳ ለመያዝ ጥንድ መምጣት አያስፈልግም፤ በአንድ ችግኝ ላይ ያለች አንዲት ተርብ ትበቃለች።

ወደ ዛፎቹ እንመለስ። በአገራችን በስፋት ከሚታወቁት ሁለት የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ነጩ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቀዩ ደግሞ በወይና ደጋና በሞቃታማ አካባቢዎች ይበዛል። እንደ ሜጫ ባሉ የጎጃም ወረዳዎች በእርሻ መሬት ላይ ሳይቀር የተስፋፋው ይኸው ቀዩ ነው። ተርቧ ከሁሉ አብልጣ የምትመርጠውም እርሱን ነው። ከዚህ ሌላ ቴሬቲኮርኒስ፣ ግራንዲስና ሳሊግና የተባሉት የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ይጠቃሉ፤ ከእነዚህ የተዳቀሉትም እንዲሁ። ነጭ ባሕር ዛፍም ልትራባባቸው ከምትችል ዝርያዎች ጋር ተመዝግቧል፤ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት ግን በቀዩ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የወጣላት የተለምዶ ስም በነጩ ባሕር ዛፍ ስም የተሰየመ መሆኑ አሳሳች ነው፤ የደጋውን ሰው ያለ ልክ ያስፈራል፤ የወይና ደጋውን ደግሞ ያዘናጋል። በኡጋንዳ የተደረገ ጥናት ጉዳቱ ከቀዝቃዛው ተራራማ አካባቢ ይልቅ በሞቃታማውና በደረቁ እንደሚበረታ አሳይቷል።

ከባሕር ዛፍ ወገን ውጭ ያለ ዛፍ ከእርሷ ሥጋት የለበትም። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ጽድም ሆነ በአዊ ለከሰል የሚለማው ደከረንስ አይነኩም። በማሳው ዳር ያለው ሰብልም አይነካም። ካለው መሬት ከፊሉን በሌላ ዛፍ የሸፈነ ሰው በዚያኛው ክፍል ተርቧን አያስብም ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው በለጋነት ነው። ተርቧ እንቁላሏን የምትጥለው ገና ባልጠነከረ አካል ላይ በመሆኑ የችግኝ ጣቢያው መደብ፣ በአንድና በሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ተክልና ከጉቶ የሚወጣው ለምለም ቡቃያ ቀዳሚ ተጠቂዎች ናቸው። ከፍ ብሎ ያደገ ዛፍ እባጭ ቢኖርበትም አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ የጠነከረው ግንድ አይበሰብስም፤ እንጨቱም ለአጣናነት ወይም ለማገዶነት አይነወርም። በብዛት የተወረረ ችግኝ ግን እድገቱ ይቆማል፤ ሲብስም ይሞታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ይሸጣል ተብሎ የታሰበው አጣና የሚቀረው በመጀመሪያው ዓመት በደረሰ ጉዳት ነው።

እባጩ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ቀለሙን ይለውጣል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይቀላል፤ በመጨረሻም ይደበዝዝና በላዩ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቀዳዳው ጉልምሷ የወጣችበት በር ነው። በእስራኤል በቤት ውስጥ ሙቀት በተደረገ ክትትል ከእንቁላል እስከ መውጫ በአማካይ 132 ቀን ያህል ፈጅቷል። በመስክ ደግሞ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ትውልድ ተመዝግቧል።

በመድኃኒት መርጨት የሚያዋጣ መፍትሔ አይደለም። እጯ በተክሉ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖር ከላይ የሚረጨው አያገኛትም፤ በሰፊ ማሳ ላይ ወጪው ከዛፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ባሕር ዛፍ የሚቀስሙ ንቦችንም ይፈጃል። ወደ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ መድኃኒት በችግኝ ጣቢያ ሊረዳ ይችላል፤ እርሱም በግብርና ባለሙያ ምክር እንጂ በግምት መደረግ የለበትም።

ሌሎች አገሮች ተስፋ ያደረጉት በተርቧ የተፈጥሮ ጠላቶች ላይ ነው። እነዚህም ራሳቸው ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፤ እባጩን ወግተው በውስጡ ባለችው እጭ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ልጃቸውም እርሷን በልታ ታድጋለች። እስራኤል ሁለት ዓይነት ከአውስትራሊያ አስመጥታ ለቅቃለች። አንደኛዋ ጉዳዩን ባጠኑት በእስራኤላዊው የነፍሳት ሊቅ በዝቪ ሜንዴል ስም ኳድራስቲከስ ሜንደሊ ተብላለች። ደቡብ አፍሪካም በ2012 ሌላ ዓይነት ለቅቃለች። አዲስ ነፍሳት ወደ አገር ማስገባት ግን የመንግሥትና የምርምር ተቋማት ሥራ ነው፤ በችኮላ አይደረግም።

በአርሶ አደሩና ችግኝ በሚያፈላው ነጋዴ እጅ ያለው ችግኙ ነው። ከመግዛት በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ጅማቱን፣ ዘንጉንና ጫፉን ማየት ያሻል፤ አንድ መደብ እባጭ ከታየበት ከዚያው መደብ ጤነኛ የሚመስለውንም አለመውሰድ ይመረጣል፤ እንቁላሉ ገብቶ እባጩ ያልወጣበት ሊኖር ይችላልና። ዘር የሚሰበስብ ሰው ደግሞ በተወረረ ማሳ መካከል ንጹሕ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ልብ ይበል። በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ የመቋቋም ዐቅም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ከወላጅም ይወረሳል።

በማሳ ላይ ጥቂት ቡቃያዎች ብቻ ከተጠቁ ቆርጦ እዚያው ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር ይቻላል። የተቆረጠውን እርጥብ ቅጠል ወደ ሌላ ቀበሌ መውሰድ፣ ለአጥርም ሆነ ለጥላ በሚል ወደ ከተማ መጫን አይገባም። ሥራው መሠራት ያለበት እባጩ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሳለ ነው፤ ቀዳዳው ከታየ ተርቧ ወጥታለች፤ የሚቃጠለው ባዶ ቤቷ ነው።