«ሜርሊን»፦ እውነቱ የወጣባቸው ሁለት ቀናት

ልብሳችሁን የሚያጥብ፣ የጦር ዕቃችሁን የሚወለውል፣ ፈረሳችሁን የሚጭን አንድ አገልጋይ አላችሁ እንበል። ሰነፍ ትሉታላችሁ፣ ሲያጠፋ ትጮኹበታላችሁ፣ ሲያስቃችሁም ትስቃላችሁ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ቆስላችሁ ጫካ ውስጥ በወደቃችሁበት ሰዓት፣ ይኸው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ እስከ ዛሬ በሕይወት የቆያችሁት በእሱ ጥበቃ መሆኑን ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ?

በእንግሊዙ ቢቢሲ የቀረበው «ሜርሊን» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍል የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ጀምሮ በ5 ምዕራፍና በ65 ክፍሎች ቀርቧል። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ተላለፈ። ጊዜው ቢያልፍም ድራማውን ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር ከመጀመሪያው ጀምረው የሚያዩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። መጨረሻውን አስቀድማችሁ ማወቅ የማትፈልጉ ከሆነ ግን ይህን ገጽ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከዚህ በታች የምንተርከው መጨረሻውን ነው።

ከመነሻው የተደበቀ ምሥጢር

የመጨረሻውን ክፍል ለመረዳት የመጀመሪያውን ማስታወስ ይጠቅማል። ወጣቱ ሜርሊን ከገጠር ተነሥቶ ካሜሎት የደረሰ ዕለት በመጀመሪያ ያየው ነገር የአንድ ሰው አንገት ሲቀላ ነው። የሰውየው ጥፋት አስማት መጠቀሙ ነበር። ንጉሥ ዩተር አስማትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ሜርሊን ደግሞ ይህን ኃይል ከማንም አልተማረውም፤ አብሮት ተወልዷል። እናቱ ልጄን ያስጠጋልኛል ብላ የላከችው የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ጋይየስ ዘንድ ነው። ጋይየስም ከሁሉ በፊት ያስተማረው ዝም ማለትን ነው።

በዚያው ክፍል መጨረሻ ሜርሊን በልዑል አርተር ላይ የተወረወረውን ጩቤ በአስማቱ ያከሽፋል። ንጉሡ እንዴት እንዳዳነው ሳያውቅ ሊሸልመው ይፈልጋል። ሽልማቱ ምን ሆነ? የልዑሉ አገልጋይ መሆን! ከዚያ ወዲህ ያሉት ምዕራፎች በሙሉ የዚህ ነገር ድግግሞሽ ናቸው፤ ሜርሊን ያድናል፣ አርተር ይመሰገናል፣ ሜርሊን ነገሩን በሆድ ይፍጀው ብሎ ጫማ ሊወለውል ይመለሳል።

ምሥጢር ደብቆ የኖረው እሱ ብቻ አልነበረም። በንጉሡ ቤት ያደገችው ሞርጋናም አስማት በውስጧ እንዳለ ስታውቅ ትደነግጣለች። ለማን ትንገር? ያሳደጋት ሰው እንደ እሷ ያሉትን የሚገድል ነው። ጭንቀቷን የሚያውቀው ሜርሊን እንኳ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ሳይላት ይቀራል። ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ወደ ጥላቻ ይለወጣል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የምናገኛት ወንድሟን አርተርን ለመግደል ጦር የምታዘምት ሴት ሆና ነው። አንድ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወጣቶችን ዝም አሰኝቷል፤ አንዱን ዋሾ አድርጎታል፣ ሌላዋን ጠላት። ዩተር ሞቶ አርተር ሲነግሥም ሕጉ እንዳለ ነበር።

የካምላን ሌሊት

የመጨረሻው ክፍል የሚከፈተው በካምላን ጦርነት ነው። የሞርጋናና የሳክሶኖች ሠራዊት በሌሊት የአርተርን ጦር ሊውጥ ሲል አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ከገደሉ አናት ላይ ብቅ ይላል። መብረቅ ያወርዳል፣ የጠላት ጦር ይበታተናል። አርተር ቀና ብሎ ያያል፤ ሽማግሌው ራሱን አሽማግሎ የመጣው አገልጋዩ መሆኑን ግን አያውቅም።

ድል ተገኘ ሲባል ሞርድሬድ ይመጣል። ይህ ወጣት በልጅነቱ ከዩተር ሰይፍ ያዳነው አርተር ነው፤ በመጨረሻም የአርተር ባላባት ሆኖ ነበር። የሚወዳት ልጅ በአርተር ትእዛዝ በሞት ከተቀጣች በኋላ ግን ወደ ሞርጋና ከድቷል። በጨለማው ሜዳ፣ በሬሳ መካከል ሁለቱ ይገናኛሉ። ሞርድሬድ በድራጎን እስትንፋስ በተሠራ ሰይፍ አርተርን ይወጋዋል፤ አርተርም መልሶ ይገድለዋል። ሞርድሬድ የሞተው ፈገግ ብሎ ነው።

ሜርሊን ደርሶ ንጉሡን ወደ ጫካ ይዞት ይሄዳል። በኋላ የደረሰው ጋይየስ ቁስሉን መርምሮ የሚናገረው ጭንቅ ነው፦ የሰይፉ ስባሪ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል፣ ወደ ልቡም እየተጓዘ ነው። የቀረው ዕድሜ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ሊያድነው የሚችል ኃይል ያለው በአቫሎን ሐይቅ ብቻ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ያው ሁለት ቀን ያስፈልጋል።

በእሳቱ ዳር

እዚህ ላይ ድራማው ጦርነቱን ትቶ ሁለት ሰዎችን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሜርሊን እያለቀሰ እውነቱን ይናገራል። አርተር አያምንም፤ አስማተኛ ብትሆን ኖሮ አውቅ ነበር ይላል። ሜርሊን ከእሳቱ በሚነሣው ብልጭታ የድራጎን ምስል ሠርቶ ያሳየዋል። የአርተር መልስ አጭር ነው፤ ሂድ ይለዋል። ፊቱን ያዞርበታል።

በብዙ ድራማ ላይ ምሥጢር ሲወጣ ወይ ዱላ ይነሣል፣ ወይ ወዲያው መተቃቀፍ ይመጣል። እዚህ ሁለቱም የለም፤ ያለው መኳረፍ ነው። አርተር መንቀሳቀስ አይችልም፣ የሚያጎርሰው፣ ፈረስ ላይ የሚያወጣው፣ የሚደግፈው ያው የዋሸው ሰው ነው። አርተር ሜርሊን በአስማት እሳት ሲያነድድ ያያል፤ ያልለመደው ነገር ነው። በመንገድ ላይ ጠላት ሲያጋጥማቸው ሜርሊን እንዴት እንደሚያመልጡ ሲያመቻች ያያል፤ ያን ጊዜ የኋላው ሁሉ አንድ በአንድ ይገለጥለታል። ለካ እነዚያ የአጋጣሚ መትረፎች አጋጣሚ አልነበሩም!

ከዚያ የሚጠይቀው ጥያቄ የክፍሉ ልብ ነው፦ ለምን አልነገርከኝም? ሜርሊን በቀልድ አድርጎ አንገቴን ትቀላው ነበር ይለዋል። አርተር አይክድም፤ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም ይላል። ሜርሊን ያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን ያልተጠበቀ ነው። በንጉሥነትህና በወዳጅነትህ መካከል እንድትጨነቅ አልፈለግኩም ነው ነገሩ። ስለ ራሱ አንገት ሳይሆን ስለ አርተር ጭንቀት ሲያስብ ነው የኖረው።

አርተር ሌላም ነገር ይገርመዋል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ምስጋና ፈልጎ አለማወቁ። እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። የሥራችን ፍሬ ነገር የተሠራው ሥራ በማን እንደተሠራ ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ስለሆነ ይህ ትዕይንት ዘልቆ ይሰማኛል። ግን የማይታይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ለማግኘት ቢሮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ የምትተኛውን ሴት በየቤታችን እናውቃታለን።

ሌሎቹስ?

በዚህ መካከል ካሜሎት ውስጥ ንግሥት ግዊኒቪር ከጋይየስ እጅ የባሏን ማኅተም ትቀበላለች። በገደሉ አናት የታየው አስማተኛ ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታገናኘዋለች። አትቆጣም፤ እንዲያውም ባሏ ከእሱ ጋር በመሆኑ ልቧ ያርፋል። አርተር ጫካ ውስጥ ለመቀበል የተቸገረውን እውነት እሷ በአፍታ ትቀበለዋለች። ግዊኒቪር ንግሥት ከመሆኗ በፊት አገልጋይ ስለነበረች ይሆን?

የዋጋው ክፉ ክፍል የደረሰው ባላባቱ ግዌይን ላይ ነው። ከፐርሲቫል ጋር ሞርጋናን ሊያስቀር ይወጣል፣ ይያዛል፣ ንጉሡ ወዴት እንደሄደ እስኪናገር ይሠቃያል፤ በጓደኛው እቅፍ ውስጥም ይሞታል። ሞርጋና መንገዱን ያወቀችው በዚህ ነው።

ዘግይቶ የመጣው ድራጎን

ሞርጋና ፈረሶቻቸውን አባርራ ትደርስባቸዋለች። ተራ ሰይፍ አይገድለኝም ብላ ተማምናለች። ሜርሊን የያዘው ኤክስካሊበር ግን እንደ ሞርድሬድ ሰይፍ ሁሉ በድራጎን እስትንፋስ የተሠራ ነው። በእሱ ይወጋታል። ምሥጢሩን ያልነገራት ልጅ በእጁ ትሞታለች፤ በዚህ ሞት ማንም አይጨፍርም።

ሐይቁ ቅርብ ነው፤ አርተር ግን አልቻለም። ሜርሊን ተሸክሞ ሊሄድ ይታገላል። አርተር ያስቆመውና እስከዚያ ቀን ብሎት የማያውቀውን አንድ ቃል ይለዋል፤ ያመሰግነዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም እንድትለወጥ አልፈልግም፣ ሁልጊዜ ራስህን ሁን ብሎታል። እጁን ወደ ሜርሊን ራስ ያነሣል፣ እጁም ይወድቃል።

ታላቁ ድራጎን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ዓይነት። በጀርባው አድርጎ ሐይቁ ድረስ ያደርሳቸዋል እንጂ የሞተውን አይመልስም። የሚሰጠው ተስፋ ብቻ ነው፤ አገሩ እጅግ በተቸገረ ጊዜ አርተር ዳግመኛ ይነሣል። ሜርሊን ሰይፉን ወደ ሐይቁ ይወረውራል፣ ከውኃው የወጣ እጅ ይቀበለዋል። የንጉሡን አስከሬን በጀልባ ላይ አድርጎ ይሸኘዋል። ካሜሎት ውስጥ ግዊኒቪር በዙፋኑ ላይ ትቀመጣለች። በመጨረሻው ትዕይንት ደግሞ በዛሬው ዘመን፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር አንድ ሽማግሌ ሐይቁን እያየ ያልፋል። ሜርሊን አሁንም እየጠበቀ ነው።

ከጥንቱ ታሪክ ምን ተለየ?

የአርተር አፈ ታሪክ ዘመናት ያስቆጠረ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የቶማስ ማሎሪ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1485 ነው። በዚያ ሜርሊን የንጉሡ እኩያ ሳይሆን ጥበበኛ አማካሪ ነው፤ ሞርድሬድ የአርተር የገዛ ልጁ ነው፤ ግዊኒቪር ሕይወቷን የምትፈጽመው መነኩሲት ሆና ነው። ሰይፉን ወደ ውኃው የሚጥለውም ቤዲቪር የተባለ ባላባት ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ ሳስቶ ደብቆት በሦስተኛው ነው የጣለው። ድራማው ያን ሥራ ለሜርሊን ሰጥቶታል፣ ግዊኒቪርንም ገዢ ንግሥት አድርጓታል። የንጉሡን ሞት ግን አልነካም። ልጆችን ላለማስከፋት ብሎ አርተርን ቢያድነው ኖሮ የሁለቱ ቀናት ንግግር ክብደቱን ያጣ ነበር።

ከልጆች ጋር ስታዩት

ሁለት ክፍል ያለው ታሪክ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ምሽት ማየት ይሻላል፤ በአንድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ግዌይን በእባብ የሚሠቃይበት ትዕይንትና የካምላን ሜዳ ለትንንሾቹ ይከብዳሉ። በእኔ አስተያየት አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እያዩ ቢቆዩ ይሻላል። አስማት ያለበት ፊልም ለልጆቼ አላሳይም የምትሉ ወላጆች ስጋታችሁ ይገባኛል። እዚህ ላይ ግን አስማት ማለት ልጁ ሳይመርጠው አብሮት የተወለደ፣ ሊገልጠው የማይችለው ነገር ነው። ልጆችም የሚረዱት እንዲሁ ነው።

አልቅሰው ሲጨርሱ «አርተር ለምን ሞተ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ከሰጣችሁ በኋላ እናንተም አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ ሜርሊን ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አለ? «ፈርቶ» ይሏችኋል። እዚያው ላይ የራሳችሁን ቤት አስቡት። የፈተና ውጤት ዝቅ ሲል፣ ስልክ ሲሰበር፣ ሰፈር ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ሲገጥም ልጁ መጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? «ለእማዬ ልንገራት» ነው ወይስ «እማዬ እንዳትሰማ»? እውነት የተናገረ ልጅ ከዋሸው ይልቅ የሚቀጣበት ቤት ሳናውቀው ትንሽ ካሜሎት ይሆናል።

ልጁ እዚያው እንዲመልስላችሁ አትጠብቁ። ምናልባት የሚናገረው በሳምንቱ፣ መኪና ውስጥ ወይም መብራት ከጠፋ በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ እንደ አርተር በመጀመሪያ ሊከፋችሁ ይችላል፤ ይክፋችሁ። ፊታችሁን ስታዞሩ ብዙ አትቆዩ እንጂ።