ጠባቂ ወይስ ዕዳ? ስለ መጋዘን ውሻ አስተዳደግ

ነጋዴ መጋዘን በከፈተ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጥበቃው ነው። የብረት በር ያሠራል፤ ቁልፍ ይገዛል፤ ዘበኛ ይቀጥራል፤ በመጨረሻም አንድ ቡችላ ያመጣል። ለበሩ ሥራ ብልኅ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ዘበኛውንም ዋስ እንዲጠራ ያስገድደዋል። ስለ ቡችላው ግን ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚበላና ማን እንደሚያሳድገው የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ሆኖም ውሻ በሚገባ ካደገ ከብረት በር የሚበልጥ ጠባቂ ሲሆን፣ ያለ አሳዳጊ ከቀረ ግን ለባለቤቱ የማይከፈል ዕዳ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚመለከተው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች የሚሠራውን ነጋዴ ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ. ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ከመጠቃለላቸው አስቀድሞ እንኳ ፋብሪካና መጋዘን የበዛባቸው ነበሩ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሌሊቱ ይከብዳል፤ ከተራራው የሚወርደው ጅብም በአጥር ሥር ያልፋል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ውሻ ጌጥ ሳይሆን ከመጋዘኑ ሠራተኞች እንደ አንዱ የሚቆጠር ነው።

በቡራዩ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ የደረሰበት ነገር ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል። ይህ ሰው በመንገድ ዳር በካርቶን ተይዞ ለሽያጭ የቀረበ አንድ ቡችላ ገዛ። ቡችላው ከእናቱ ጡት ገና በቅጡ አልተለየም ነበር። ዘበኛውም «ውሻ ክፉ የሚሆነው ሰው ሳያይ ሲያድግ ነው» በማለት ቀን ቀን በጨለማ ክፍል አሰረው፤ በምግቡም ላይ በርበሬ ነሰነሰበት፤ በጮኸም ጊዜ መታው። ዓመት ሳይሞላው ውሻው በእርግጥ ክፉ ሆነ፤ ነገር ግን ሌባውን ከደንበኛው ለይቶ የማያውቅ ክፉ ነበር። አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጥሶ ምስማር ሊገዛ የመጣውን የጎረቤት ልጅ እግሩን ነከሰው። የሰፈሩ ሰው ተቈጥቶ ውሻውን ወዲያው በድንጋይ ገደለው፤ ሬሳውም ተጣለ። ውሻው ክትባት አልነበረውም። ታሞ እንደ ነበረ ወይም ጤነኛ እንደ ነበረ የሚመሰክር ነገርም ጠፋ። ልጁ ተከታታይ መርፌ ተወግቶ በጤና ኖረ። ባለሱቁ ግን የሕክምናውን ወጪ ከመክፈሉ በላይ እናቲቱን ቀና ብሎ ለማየት አፍሮ ወራት አሳለፈ።

ሕጉም በዚህ ነገር የነጋዴውን ሰበብ አይቀበልም። በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደ ደነገገው፣ እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ ቁጥጥር ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። «ሰንሰለቱ ተበጠሰ» ወይም «ዘበኛው በሩን ረሳው» ማለት ከዳኛ ፊት አያድንም።

የችግሩ ሥር የሚገኘው በቡችላው የመጀመሪያ ወራት ነው። ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት ይገባዋል። በጨዋታ ወንድሙን አጥብቆ በነከሰ ጊዜ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ይተወዋል፤ ቡችላውም የጥርሱን ልክ የሚማረው በዚህ ነው። በ5 ሳምንቱ የተወሰደ ቡችላ ይህ ትምህርት ስለሚያመልጠው የሰውን እጅ አጥብቆ ይነክሳል። ከዚህም ሌላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላው ዓለምን የሚለምድበት ነው። በዚህ ወራት ያየው ሰው፣ የሰማው የመኪና ድምፅ፣ የቀረበው ሕፃንና ሸክም ያዘለ ሠራተኛ ኋላ አያስደነግጠውም። ያላየው ነገር ግን ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ብዙ ውሻ የሚናከሰው ከጀግንነት ሳይሆን ከፍርሃት የተነሣ መሆኑን ባለመጋዘን ሁሉ ቢያውቅ መልካም ነው።

አዲስ የመጣ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያለቅሳል። ይህ ክፋት ወይም በሽታ ሳይሆን የእናቱ ሙቀት ስለ ጎደለው ነው። ብርዱ በሚጸናበት በሱሉልታ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ ያለ ሣጥንና ደረቅ ጭድ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ዘበኛው በአቅራቢያው ቢያድር ከጥቂት ቀናት በኋላ ለቅሶው ይቆማል። በዱላ ዝም ያሰኙት ቡችላ ግን ድምፁን ማሰማት እንደ ጥፋት ስለሚቈጥረው፣ ነገ ሌባ በመጣ ጊዜ መጮኽ የሚገባውን ጩኸት በገዛ እጅ መግደል ነው።

ሁለተኛው ችግር የዕቃ ማበላሸት ነው። የቡችላ 28 የወተት ጥርሶች ከ4ኛው ወር ጀምሮ እየወለቁ እስከ 7ኛው ወር ገደማ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ጆንያ፣ ጫማ፣ ገመድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ያኝካል። በሰበታ መጋዘን ያለው አንድ የቆዳ ነጋዴ ቡችላው የተዘጋጀ ቆዳ ስላበላሸበት ሊያባርረው ቆርጦ ነበር። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ዕቃውን በወለል ላይ የተወው ሰው እንጂ የቡችላው አልነበረም። ለቡችላው የሚያኝከው ጠንካራ ገመድ ሰጥቶ ዕቃውን ከፍ ማድረግ ከቁጣ ይልቅ ይረዳል።

ሦስተኛው ችግር የጽዳት ነገር ነው። የ2 ወር ቡችላ ከጥቂት ሰዓት በላይ ሽንቱን ሊይዝ አይችልም። ከእንቅልፉ እንደ ነቃ፣ እንደ በላና እንደ ተጫወተ ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ቢወስዱትና በዚያ ሲጨርስ ቢያሞግሱት ፈጥኖ ይለምዳል። ካለፈ በኋላ አፍንጫውን በቆሻሻው ላይ ማሸት ግን ምንም አያስተምረውም፤ ሰውን መፍራት ብቻ ይጨምርለታል።

ስለ ምግቡም ብዙ ስሕተት ይታያል። ቡችላ እስከ 4 ወሩ ድረስ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ከ6 ወር በኋላም 2 ጊዜ መብላት አለበት። በጾም ወራት ግን ቤቱ ሥጋ ስለማይገባው ቡችላው 55 ቀን ሙሉ በወጥ የራሰ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ይበላል፤ ወጡም ውሻን የሚጎዳ ሽንኩርት አለበት። በማደግ ላይ ያለ አካል ይህን አይችለውም፤ እግሩ ይቀጥናል፤ ጠጉሩም ይረግፋል። የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጨጓራ ቢጨመርለት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የፋሲካ ዕለት ደግሞ በተቃራኒው የታረደው በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ይጣልለታል። በዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል፤ ይህም ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥቃቅን ትል እጭ ነው። ውሻው በበላው ጊዜ ትሉ በአንጀቱ ያድግና እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል። እንቁላሉን የዋጠ ሰው ወይም ከብት ደግሞ በጉበቱና በሳንባው ላይ ያው እብጠት ይበቅልበታል። የሥጋ ላኪዎች በቄራ ምርመራ የሚጣለው ጉበት ምን ያህል ኪሣራ እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ እብጠት ያለበትን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለቡችላውም የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት ለራስ ጤንነትም ለንግዱም ይጠቅማል።

የእህል ነጋዴዎች በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባ አንድ ነገር አለ። በመጋዘን ጥግ የሚቀመጠው የአይጥ መርዝና ለነቀዝ ማጥፊያ በጆንያ መካከል የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ቡችላን ይገድላሉ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰውንም የሚገድል ነው። መድኃኒት በተደረገበት መጋዘን ውስጥ ቡችላም ዘበኛም ሊያድሩ አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክትባት ነገር ነው። ፓርቮ የተባለው በሽታ በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ አስይዞ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ስለዚህ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ከ6ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ይሰጣል። ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ቡችላውን በመንገድ ላይ ከሌሎች ውሾች ጋር መልቀቅ አደገኛ ነው፤ በጨለማ መዝጋትም ከላይ እንደ ተነገረው ይጎዳዋል። ለዚህ መፍትሔው ቡችላውን ታቅፎ በሱቁ በር ላይ መቀመጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ገበያተኛውንና መኪናውን እያየ ከበሽታው ይጠበቃል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወሩ ጀምሮ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ፣ እንደ ልማዱም በየዓመቱ ይደገማል። ይህ በሽታ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም፤ በ1895 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903) በአዲስ አበባ በውሾች ላይ ወረርሽኝ መነሣቱ በታሪክ ተጽፏል። ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለረጅም ዘመን የዚህን በሽታ ክትባት ሲያዘጋጅ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሕመም 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ምናልባት ውሻው ሰው የነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በቁስሉ ላይ ቡና ወይም ቅጠል መደምደም አይገባም። ውሻውንም ወዲያው ከመግደል ይልቅ በጥንቃቄ ዘግቶ 10 ቀን ጠባዩን መመልከት ይሻላል። በነከሰ ጊዜ በሽታውን የሚያስተላልፍ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክቱ ይታያል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን ሳይጠብቅ መጀመር አለበት። የእንስሳትን በሽታ በላቦራቶሪ የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው በሰበታ ስለ ሆነ፣ የአካባቢው ነጋዴ ምክር ፍለጋ ሩቅ አገር አይሄድም።

የቡራዩው ባለሱቅ ከዚያ ዘመን በኋላ ውሻ ላለማሳደግ ምሎ ነበር። ሆኖም መጋዘኑ ሁለት ጊዜ ስለ ተሰረቀ ሁለተኛ ቡችላ አመጣ። የፈረንጅ ዘር ፍለጋ ብዙ ገንዘብ አላወጣም፤ ከሚያውቀው ሰው ግቢ እናቱን አይቶ የአበሻ ቡችላ በ9 ሳምንቱ ወሰደ። ምግቡን የሚሰጠውና ትእዛዝ የሚያስተምረው አንድ ዘበኛ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ከዱላ ይልቅ ምስጋናና ቁራሽ ሥጋ ተጠቀመ። ቀን ቀን ቡችላው በሱቁ በር ሥር ተኝቶ ደንበኛውን ያያል፤ ሱቁ ሲዘጋ በግቢው ይለቀቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ሌሊት አጥሩን የሚነካ ሰው ሲመጣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ደግሞ ያለ አንዳች ጩኸት ሸክም አራጋፊዎቹን ያስገባል።

ጠባሳ በእግሩ ላይ የቀረበት ያ የጎረቤት ልጅ ለብዙ ጊዜ ከሱቁ በር ማዶ ቆሞ የፈለገውን በጩኸት ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ራሱ በሩን አልፎ ገባና ምስማሩን ገዛ፤ ውሻውም እጁን አሽትቶ ተመልሶ ተኛ። ባለሱቁ በዚያው ሳምንት የውሻውን የክትባት ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ በግድግዳው ላይ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ሰቀለው።