«ቱቦ ገባለት» ማለት «አለቀለት» ማለት ነው?

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትፈሩትን ነገር ላነሳ ነው፤ ኢንቱቤሽን። በአጭሩ፣ በአፍ በኩል ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ማስገባት ነው። ቱቦው ከቬንቲሌተር ጋር ይያያዝና ማሽኑ ለታማሚው ይተነፍስለታል።

በኮቪድ ጊዜ «ማሽን ላይ ነው» ከተባለ ቤተሰብ ለቅሶ ይጀምር ነበር። ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀንም። ተረኛ ስሆን ዘመድ ኮሪደር ላይ ይይዘኝና «ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ቱቦ ገብቶለት የተነሳ ሰው አለ?» ይለኛል። አለ፣ ያውም ብዙ! በሙሉ ሰመመን ቀዶ ጥገና ካደረጉት መካከል ብዙዎቹ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር፤ ተኝተው ስለነበር አያውቁትም እንጂ። ሲነቁ ጉሮሯቸውን ትንሽ ይከረክራቸዋል፣ በቃ።

በጠና ለታመመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አልዋሻችሁም። በ2021 የወጣ፣ በ29 አገሮች 2,964 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ 45 በመቶዎቹ ቱቦው በሚገባበት ሰዓት አካባቢ ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል። አብዛኛው የደም ግፊት መውረድ ነው። 3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ልብ ቆሟል።

ለምን መሰላችሁ? ቱቦው ከመግባቱ በፊት የሚያስተኛና ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታማሚው በራሱ አይተነፍስም። ቱቦው እስኪገባ የሚኖረው ሳንባው ውስጥ በተጠራቀመችው ኦክስጅን ነው። ጤነኛ ሰው ደቂቃዎችን ይቆያል፤ ከባድ የሳንባ ምች ያለበት ሰው ግን ስንቁ ቶሎ ያልቃል።

ታዲያ የቅርብ ጊዜዎቹ ጥናቶች ያተኮሩት እዚህች ጠባብ ጊዜ ላይ ነው። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በ1,417 ታማሚዎች ላይ የተሠራው ጥናት፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ላሪንጎስኮፕ ከተለመደው ጋር አወዳደረ። በካሜራው በመጀመሪያ ሙከራ የተሳካው 85 በመቶ፣ በተለመደው 71 በመቶ። ይሁንና ከባድ ችግር የገጠማቸው በሁለቱም ወገን 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ተአምር አይሠራም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የ2024ቱ ነው። 1,301 ታማሚዎች፤ ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት በተለመደው ማስክ ኦክስጅን አገኙ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ አየርን በግፊት በሚያስገባ ማስክ። ኦክስጅናቸው አደገኛ ደረጃ ላይ የወረደባቸው ከ18.5 ወደ 9.1 በመቶ ቀነሰ። ልክ በግማሽ! ልብ የቆመባቸውም ከ1.1 ወደ 0.2 በመቶ። ካሜራው በየሆስፒታላችን ላይገኝ ይችላል፣ ግፊት የሚሰጠው ማሽንም እንደዚያው። ነገር ግን ቱቦ ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሕይወት ጉዳይ መሆናቸውን ለማወቅ ዶላር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ነው የቤተሰብ ድርሻ የሚመጣው። «ፈርሙ» ሲባል «ታላቅ ወንድማችን ከክፍለ ሀገር እስኪመጣ» እየተባለ ሰዓታት ያልፋሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በጠበቅን ቁጥር ታማሚው ይደክማል፣ ያቺ የኦክስጅን ስንቅም ታልቃለች። ይልቅ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ለምን አሁን? ባይገባስ? ከበሽታው የመዳን ተስፋው ምን ያህል ነው? መዳን በማይችል በሽታ መጨረሻ ላይ ላለ ሰው «አይግባለት» ማለትም ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ግን በእርጋታ ተነጋግራችሁ ይሁን።

በቀጠሮ ቀዶ ጥገና የምታደርጉ ደግሞ ስትባሉ ጹሙ! ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፤ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይቻላል (ሆስፒታላችሁ የተለየ ካዘዘ እሱን ስሙ)። ማኪያቶ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። «ልጄ ሆዱ ባዶ ከሚሆን» ብላችሁ ገንፎ ካቀመሳችሁት ደግሞ አትደብቁ፤ ሲተኛ ምግቡ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ወይም ድሮ «ቱቦው አስቸግሮን ነበር» ተብላችሁ ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩ።